አብሮ መጨፈር ምን ያደርጋል? የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢያን ጥያቄዎች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ ጭፈራ፣ ስለ ጤናና ሰው ከሰው ስለሚቀራረብበት መንገድ ይጠይቃሉ። መልሶቹን የሰጡት የዓምዳችን ባለሙያዎች ናቸው። የጥናቶቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን «በሰርግ ላይ እስክስታ መጨፈር ሰዎችን ያቀራርባል ወይ?» በሚል ልሠራ አስቤ ነበር። አማካሪዬ «ሰርግ እኮ እንዲሁም ያቀራርባል፤ አንተ ምኑን ልትለካ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ላቦራቶሪም ገንዘብም የለኝም፤ ከየት ልጀምር?
(የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ሰርግ ቤት ጠላው ወይም ቡቅሪው አለ፣ ድግሱ አለ፣ ለዓመታት የተጠፋፋ ዘመድ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ላቡና ድካሙ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ፊት ለፊት ገጥሞ በአንድ ምት ትከሻ መምታት አለ። በማግስቱ «ተቀራረብን» የሚል ሰው ከየትኛው እንዳገኘው ራሱም አያውቀውም። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ ሰርጉን መበታተን ነው፤ ድካሙን ለብቻ፣ አብሮ መንቀሳቀሱን ለብቻ ማየት።

ይህን አጥርተው ካሳዩት መካከል የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ብሮንዊን ታር፣ ዣክ ሎኔ፣ ኤማ ኮኸንና ሮቢን ደንባር በ2015 ያወጡት ጥናት ይጠቀሳል። ብራዚል ውስጥ 264 ወጣት ተማሪዎችን አሳተፉ። ከፊሎቹ ቆመው በመላ ሰውነታቸው፣ ከፊሎቹ ተቀምጠው በትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ እንዲጨፍሩ ተደረገ። ከሁለቱም ወገን ደግሞ አንዳንዱ ቡድን ተገጣጥሞ፣ አንዳንዱ ሳይገጣጠም ተንቀሳቀሰ። ድካሙም ለብቻው፣ መገጣጠሙም ለብቻው ሕመም የመቻል ዐቅምን ከፍ አደረጉ፤ ከቡድኑ ጋር የመቀራረብ ስሜትንም እንዲሁ። ተቀምጦም ቢሆን አብሮ መንቀሳቀስ ይሠራል ማለት ነው፤ ዳር ቁጭ ብለው ለሚያጨበጭቡት እናቶች ይህ ደስ የሚል ዜና ነው።

ሕመም እዚህ ምን አገባው ይሉ ይሆናል። አንጎል ውስጥ የሚለቀቀው ኢንዶርፊን ሕመምን ያደነዝዛል፤ ከመቀራረብ ስሜት ጋርም እንደሚያያዝ ይታሰባል። ከክንድ የሚቀዳ ደም ግን አንጎል ውስጥ ያለውን መጠን አያሳይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በተዘዋዋሪ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሰውየው ከጭፈራው በፊትና በኋላ ምን ያህል ሕመም እንደሚችል ይለካሉ። መሣሪያው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የደም ግፊት መለኪያ ነው። ባትሪ ያለው ራሱ የሚነፋ ዓይነት አይሆንም፤ በራሱ ጊዜ ያቆማልና። ኳሱ በእጅ የሚጨመቅና የሰዓት ዓይነት መርፌ ያለው ያስፈልጋል። ብዙ በማይሠሩበት ክንድ ላይ ከክርን በላይ ይታሰራል፣ በዝግታና እኩል በሆነ ፍጥነት ይነፋል፤ ተሳታፊው «በቃ» ሲል መርፌው ያለበት ቁጥር ይመዘገባል፣ አየሩ ወዲያው ይለቀቃል። ከዚህ በላይ አይነፋም የሚል ወሰን ፕሮፖዛሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ነርስ ይሥራው። ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት ታማሚ፣ የደም መርጋት ወይም የመድማት ችግር ያለበት ሰው አይሳተፍም።

መሣሪያው ካልተገኘ ጀርባን ግድግዳ ላይ ደግፎ፣ ጉልበትን 90 ዲግሪ አጥፎ፣ ወንበር እንደሌለ ወንበር መቀመጥና ሰከንድ መቁጠር ይቻላል። ለእርስዎ ጥናት ግን አንመክረውም። ቆሞ የጨፈረው ሰው ጭኑ ደክሟል፤ ቶሎ ቢወድቅ የሕመም ጉዳይ ይሁን የጡንቻ ድካም መለየት አይችሉም።

የቡድኑን አሠራር እንዲህ ያድርጉት። አራት አራት ሰው ይሁን። ሴትና ወንድ በየራሱ ቢሆን ደሴ ላይ ፈቃደኛ ማግኘት ይቀልላል። ዘፈኑ ለሁሉም አንድ፣ ርዝመቱም እኩል 10 ደቂቃ ይሁን። ለአንዱ ቡድን ትዝታ፣ ለሌላው ሞቅ ያለ ዜማ ከሰጡ ጭፈራውን ሳይሆን ቅኝቱን ለክተው ይመለሳሉ። አራት ቀላል እንቅስቃሴዎች ይምረጡ፤ ለምሳሌ ሁለቱን ትከሻ ወደፊት፣ አንዱን ከአንዱ እያፈራረቁ፣ ጉልበት ሰበር ማድረግ፣ ማጨብጨብ። የሚገጣጠመው ቡድን ሁሉንም በአንድ ቅደም ተከተል ይሠራል። ለማይገጣጠመው ቡድን አባላት እነዚያው እንቅስቃሴዎች በተለያየ ቅደም ተከተል በካርድ ይሰጧቸዋል። ማን የት እንደሚገባ በዕጣ ይወሰን፤ ጓደኛሞች ተጠራርተው አንድ ቡድን ከገቡ ጥናቱ እዚያው ያልቃል።

ስለ ቁጥሩ፦ መካከለኛ የሆነ ልዩነት ካለ 80 በመቶ ዕድል ይዞ ለማግኘት የሚገጣጠሙትን ከማይገጣጠሙት ጋር ለማነጻጸር በእያንዳንዱ ወገን 64፣ በድምሩ 128 ሰው ይበቃል። ነገር ግን አብረው የጨፈሩ ሰዎች ስሜታቸው ስለሚመሳሰል 128ቱ ሙሉ ለሙሉ እንደ 128 ሰው አይቆጠሩም። የመመሳሰሉ መጠን 0.05 ነው ብለን ብንወስድ፣ በአራት ሰው ቡድን (ከአንዱ ሰው ሌላ 3 አሉ) ማባዣው 1 + (3 × 0.05) = 1.15 ይሆናል፤ 128 በ1.15 ሲባዛ 148 ገደማ። ቡድኑ 16 ሰው ቢሆን ኖሮ ማባዣው 1.75፣ ተፈላጊው ሰው 224 ይሆን ነበር። ትንንሽ ቡድን ያልነው ለዚህ ነው። 40 ቡድን በአራት ሰው፣ ማለትም 160 ሰው ቢይዙ ለሚቀሩትም መጠባበቂያ ይኖርዎታል።

ቅርበትን ለመለካት አርተር አሮንና ባልደረቦቹ በ1992 ያወጡት የክቦች ሥዕል ረጅም መጠይቅ ከማስሞላት ይሻላል። ሰባት ጥንድ ክቦች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተራርቀው የቆሙ፣ የመጨረሻዎቹ ከሞላ ጎደል ተደራርበው አንድ የሆኑ። «አንዱ ክብ እርስዎ፣ ሌላው ቡድኑ ነው፤ ያላችሁበትን ሁኔታ የሚያሳየው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፊደል ላልቆጠረም ይሆናል። በቃላት የሚጠየቅ ነገር ካለ አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጥያቄውን ይቀይሩት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ልኬቱ ላይ ነው። የሚለካው ሰው የትኛው ቡድን እንደጨፈረ ካወቀ ሳያስበው «በርታ» ይላል፤ ስለዚህ ለኪውና አጨፋሪው ሁለት ሰው ይሁኑ። ወንዶች ደግሞ ሰው እያየ «በቃ» ማለት ይከብዳቸዋል፤ ክንዳቸው እየጠቆረ ዝም ይላሉ። መጋረጃ ይጋረድ፣ አንድ በአንድ ይግቡ፣ ጭፈራው ካለቀ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይለኩ። ሌላው የደሴ ችግር ሁሉም ሰው የሆነ ሰው ዘመድ መሆኑ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ከቡድኑ ማንን እንደሚያውቅ ይጠየቅ፣ ይመዝገብ።

ይህ ከተሠራ በኋላ ሰርግ ቤት ይሂዱ። ያኔ ምን እንደሚያዩ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ እናቶችና አባቶች በሳምንት ሁለት ቀን ተሰብስበው እንዲጨፍሩ ማድረግ እንፈልጋለን። ጭፈራ የመርሳት በሽታን ይከላከላል የሚባለውስ እውነት ነው? ደግሞ ወድቀው እንዳይሰበሩብን እንፈራለን።

መልስ፦ ከመርሳት በሽታው እንጀምር፤ በማኅበራዊ ሚዲያ እጅግ ተጋንኗልና። ወሬው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ጆ ቨርጊስና ባልደረቦቹ በ2003 ካሳተሙት ጥናት ነው። በኒው ዮርክ ብሮንክስ የሚኖሩ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን በአማካይ ለአምስት ዓመት ተከታተሉ። ከአካል እንቅስቃሴዎች ሁሉ ዝቅ ካለ የመርሳት በሽታ ዕድል ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነበር። ግን ጥናቱ ተከታትሎ ያየ እንጂ ሰዎቹን በዕጣ ከፍሎ ያስጨፈረ አልነበረም። አእምሮው መድከም የጀመረ ሰው ቀድሞ ጭፈራውን ስለሚተው፣ የጨፈሩት የዳኑ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ይከላከላል» ብላችሁ አትለጥፉ።

የሰውነትን ሚዛን ለመጠበቅ ያለው ማስረጃ የተሻለ ነው። በጀርመን ማግደቡርግ አዛውንትን ለ18 ወራት በሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን በየጊዜው አዲስ ዳንስ እያስተማሩ፣ ሌላውን የተለመደ ስፖርት እያሠሩ ተከታተሉ። በ2017 እንደወጣው ውጤት የትውስታ ማዕከል የሆነው የአንጎል ክፍል በሁለቱም ወገን ጨመረ፤ ሚዛናቸው የተሻሻለው ግን የዳንሰኞቹ ነበር። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቃል በቃል አንወስደውም። ለእናንተ የሚጠቅመው ፍንጭ በየጊዜው አዲስ ነገር የሚለው ነው። ለ12 ሳምንት ያንኑ ትከሻ ብቻ የሚያስመታ ፕሮግራም አእምሮን አያሠራም፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አዲስ የእግር አካሄድ ወይም የአቅጣጫ ለውጥ ይጨመር።

የአንድ ቀን ፕሮግራም 45 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ማዞር፣ ተረከዝና ጣት ማፈራረቅ፣ ትከሻ ወደላይ ስቦ መልቀቅ። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ቆሞ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍትና ውኃ፣ ሌላ 10 ደቂቃ ጭፈራ፣ መጨረሻ 10 ደቂቃ በቀስታ እያጨበጨቡ መረጋጋት። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ 90 ደቂቃ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው ምክር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሆነ ቀሪው 60 ደቂቃ በእግር ጉዞ ይሞላ፤ ገበያ፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድም ይቆጠራል። ከ65 ዓመት በላይ ላሉት ሚዛንና ጥንካሬን የሚያሠራ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይመከራል፤ ስለዚህ አንዷን ቀን ቤት ውስጥ ወንበር ይዘው ቢሠሩ መልካም ነው።

ከ12 እስከ 16 ሰው፣ ሁለት ረዳት። ወንበሮቹ መደገፊያ ያላቸውና የማይንሸራተቱ ይሁኑ፣ በክብ ይደርደሩ፤ የደከመው ከኋላው ወንበር መኖሩን ማወቅ አለበት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ፕላስቲክ ወይም ቄጠማ አይጎዝጎዝ። ቄጠማ ለቡና ያምራል፣ ለሚጨፍሩ አዛውንት ግን እንደ ሙዝ ልጣጭ ነው። ካልሲ ብቻ አድርጎ ሴራሚክ ላይ መቆም ክልክል፤ ጠፍጣፋ የጎማ ሶል ያለው ጫማ ይደረግ። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ወገብ ላይ ይታሰር።

ከመጀመራችሁ በፊት ግፊት ለኩ። ተቀምጠው አምስት ደቂቃ ካረፉ በኋላ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያን ዕለት አይጨፍሩም፤ ወደ ሐኪም ይላካሉ። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ ከመጣ ሊወድቅ ስለሚችል ከረሜላ ወይም ስኳር ከእጃችሁ አይራቅ። በረመዳንና በረጃጅሞቹ ጾሞች ሰዓቱን ቀይሩ፤ ከፍጥር ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ጊዜውም 30 ደቂቃ ይሁን። ኮምቦልቻ ቀኑ ስለሚሞቅ በጠዋት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሻላል።

የድካሙን መጠን በልብ ምት ብቻ አትመዝኑ። አቴኖሎልና መሰል የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢደክምም ምቱ ብዙም አይጨምርም። የተሻለው መለኪያ አፉ ነው። ተቀባይ ሆኖ ዘፈኑን ሙሉ በሙሉ ከተቀበለ እንቅስቃሴው ቀላል ነው። ማውራት እየቻለ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ፣ የምትፈልጉትም እርሱ ነው። ሁለት ቃል ተናግሮ መተንፈስ ካስፈለገው ይቀመጥ። የደረት ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የማየት መደብዘዝ ካለ ጭፈራው ለሁሉም ይቆማል።

የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ ሲዞሩ ነው። ሙሉ ዙር አታስዙሩ፤ ሩብ ዙር፣ ቆም፣ ሌላ ሩብ ዙር። አንገትን የሚወረውር እስክስታም ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ማዞርና መንገዳገድ ያመጣል። የዘፈኑን ፍጥነት በሰዓት ለኩ፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያለውን ምት ቆጥሮ በአራት ማባዛት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ100 አይለፍ።

መሻሻሉን ለማየት ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፦ ከወንበር ተነስቶ፣ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መቀመጥ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚወስድበት ሰው የመውደቅ ስጋት አለው፤ ለእርሱ ረዳት ከጎኑ ይቁም። በመጀመሪያው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት ለኩ። ያቋረጡትንም ፈልጋችሁ ለኩ። እስከ መጨረሻ የመጡት ድሮም ጠንካሮቹ ስለሚሆኑ፣ እነርሱን ብቻ ቆጥሮ «ተሳካ» የሚል ሪፖርት ብዙ አይተናል፤ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የመጡ የኪነት ቡድናችን ወጣቶች ደሴ ላይ ሲለማመዱ ያለከልካሉ። የደሴዎቹ ደግሞ «ሰነፎች ናችሁ» ይሏቸዋል። ልዩነቱ የት ነው?

መልስ፦ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውጣቱ ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ጭፈራ ለመጨፈር ልብ በፍጥነት መምታት አለባት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዙሩን አሳጥሩ፤ ሦስት ደቂቃ ጭፈራ፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። በሁለቱ ከተሞች ጥናት የሚያደርግ ሰውም ይህን ይያዝ፤ ዘፈኑ አንድ ስለሆነ ብቻ ድካሙ እኩል ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ የትምህርት ቤቷ የባህል ክበብ ተወዛዋዥ ናት። ከልምምድ ስትመጣ አንገቷንና ትከሻዋን ያማታል። ላስቁማት?
(እናት፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አያስቁሟት፤ አሠራሯን ይዩላት። መስታወት ፊት ያቁሟት። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ትንሽ ላላ ያለ፣ አገጭ ቀጥ ያለ። አሁን አንዱን ትከሻ ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ በቀስታ። ክርኗ ቀድሞ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ትከሻውን የምታመጣው በክንዷ ነው ማለት ነው፤ ያኔ የአንገት ጡንቻ ይጎተታል። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ትሥራው። ጥርሷን ነክሳ ወይም ትንፋሿን ይዛ ከሆነም ያው ነው፤ በእያንዳንዱ ምት «ህ» እያለች ታስወጣ። አንገት የሚወረወርበትን ክፍል ሰውነቷ ሳይሞቅ አትጀምር፤ 10 ደቂቃ ቀድማ ትሟሟቅ። በዚህ ዕድሜ ልምምዱ በመካከሉ ዕረፍት ያለው 40 ደቂቃ ይበቃል። እጇ ከደነዘዘ፣ ሌሊት ከቀሰቀሳት ወይም ሕመሙ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ይያት።

ታናሽ ካላት ደግሞ ከታናሿም ጋር አብረው ይጨፍሩ። በካናዳ ላውራ ሲሬሊና ባልደረቦቿ በ2014 እንዳሳዩት፣ የ14 ወር ሕፃናት ከአንዲት ሴት ጋር በአንድ ምት እየተወዛወዙ ከቆዩ በኋላ ሴትዮዋ ዕቃ ሲወድቅባት አንስተው የማቀበል ዝንባሌያቸው ጨመረ፤ ምቱ ያልገጠመላቸው ያን ያህል አልረዱም።

ጥያቄ፦ ሰው ካየኝ አልጨፍርም። ቤቴ ዘግቼ ግን በጆሮ ማዳመጫ እጨፍራለሁ፤ ደስም ይለኛል። ይህ ይቆጠራል?

መልስ፦ ለልብ፣ ለሳንባና ለስሜት ይቆጠራል። ከሰው የመቀራረቡ ክፍል ነው የሚቀረው። በጆሮ ማዳመጫ በተሠራ የ2016 ጥናት ታርና ባልደረቦቿ ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ አስጨፍረው፣ እንቅስቃሴያቸው በአንድ ጊዜ የገጠመላቸው ከሌሎቹ ይልቅ ሕመም መቻላቸውም መቀራረባቸውም እንደጨመረ አይተዋል። ሙዚቃ መስማቱና አንድ ቤት ውስጥ መሆኑ ብቻውን አልበቃም። ለእርስዎ የሚቀለው መግቢያ ጭብጨባ ነው። ሰርግ ላይ ከተቀባዮቹ መካከል ቆመው ያጨብጭቡ፤ ማንም አያይዎትም፣ ከምቱ ጋር ግን ገጥመዋል። መሀል ገብቶ ለብቻ መታየት የመጨረሻው ደረጃ ነው፣ ግዴታም አይደለም።

ጥያቄ፦ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ጥናት እየሠራሁ ነው። መንዙማንና ወረብን ከእስክስታ ጋር «ዳንስ» በሚል አንድ ምድብ ውስጥ ላስገባ ወይ? ወሎ ውስጥ ሁለቱንም ትቶ ምን ይጻፋል?

መልስ፦ አያስገቡ። የመንዙማው ባለቤቶችም የወረቡ ሊቃውንትም ሥራቸውን ጭፈራ አይሉትም። መጠይቁ ላይ «ዳንስ» ብለው ከጻፉ ደግሞ ወይ ይቆጣሉ፣ ወይ «በሕይወቴ ጨፍሬ አላውቅም» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ በዚያው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ሲወዛወዝ ያደረ ሰው «በጭራሽ» ላይ ምልክት ሲያደርግ መረጃዎ ውሸት ሆነ። ምድብዎ «በአንድ ምት አብሮ መንቀሳቀስ» ይሁን፤ ከሥሩ እያንዳንዱ በራሱ ስም ይቀመጥ።

ማነጻጸር የሚችሉት ቅርጹን ነው፦ ማን ያስጀምራል፣ ስንት ሰው ይቀበላል፣ ተቀምጠው ነው ቆመው፣ ምቱ በየስንት ደቂቃው ይፈጥናል፣ መቼ ይቆማል። በመንዙማው መሪውና ተቀባዩ፣ ድቤውና ጭብጨባው አሉ። ወረብ ባለበት በቤተ ክርስቲያኑ አቋቋም ከዝማሜ ወደ መረግድና ጽፋት እያለ፣ መቋሚያውና ጸናጽሉ ከከበሮው ጋር እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ሁለቱም ከዝግታ ተነስተው መፍጠናቸው ለጥናትዎ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ድካምና መገጣጠም አብረው የሚጨምሩበት ሁኔታ ነውና። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1912 ስለ ጋራ የስሜት ግለት ሲጽፍ ያሰበው እንዲህ ያለውን ነበር፤ ሰዓት ይዞ አልለካውም እንጂ። የሕመም መለኪያ ይዘው ሐድራ ወይም ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ። ፈቃድ ከሸኹና ከደብሩ አስተዳዳሪ ይጠይቁ፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ማስታወሻ ደብተር ይገኙ።

ጥያቄ፦ እኅቴ ከጦርነቱ በኋላ ከቤት አትወጣም። አንድ ሰው «ጭፈራ ለድባቴ ከመድኃኒት ይበልጣል፤ ተጠንቷል» አለኝ። ላስገድዳት?
(ደሴ፣ ሮቢት)

መልስ፦ አያስገድዷት። የተባለው ጥናት በ2024 የወጣና የአካል እንቅስቃሴ ለድባቴ ስላለው ጥቅም 218 ሙከራዎችን ያሰባሰበ ሳይሆን አይቀርም። እርግጥ ነው፣ እዚያ ውስጥ ዳንስ ትልቅ ለውጥ አሳይቷል፤ ግን የዳንሱ ክፍል የቆመው በ5 ጥናቶችና በ107 ሰዎች ላይ ነው። ለእግር ጉዞና ለሩጫ የነበረው ማስረጃ ከ1,200 በላይ ሰዎችን የያዘ ነበር። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2015 ስለ ዳንስ ሕክምና ብቻ ያደረገው ግምገማም ያገኘው 3 ጥናቶችና 147 ሰዎችን ነው፤ ይሠራልም አይሠራምም ለማለት አልበቃም። መድኃኒት የጀመረች ከሆነ በጭፈራ ምክንያት እንዳታቋርጥ።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቢፈልግም መጨፈር ያሳፍረዋል፤ ጎረቤትም ይናገራል። ዓላማው ከቤት ማውጣትና ከሰው ማገናኘት ነው። ከቡና ይጀምሩ፤ የዱዓ ወይም የማኅበር ቀን ካለ ከጎኗ ይቀመጡ። ከዚያ በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ አብረው፣ እኩል እርምጃ እየሄዱ። እያወሩ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ሳያስቡት እርምጃቸው ይገጥማል፤ ለጊዜው የምትፈልገው ያ ነው። በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተወች፣ ጦርነቱን በቅዠት የምታይ ከሆነ በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትታይ። «መኖር ሰለቸኝ» ካለች ዛሬውኑ ይውሰዷት፣ ብቻዋንም አይተዋት።

ጥያቄ፦ የወሎን ጭፈራ በስልኬ እየቀረጽኩ ለጥናት ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ስመለከተው ግን ትከሻው ደብዝዞ ይታያል። በጽሑፍ የሚመዘገብበት መንገድም አለ ይባላል?

መልስ፦ አለ። ሩዶልፍ ላባን በ1928 ያወጣው የእንቅስቃሴ ምልክት አጻጻፍ ዛሬም ይሠራበታል። ሀገራችን ውስጥም በ1965 ሃንጋሪያውያኑ ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ ለመስክ ሥራ መጥተው ነበር። ማርቲን ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች በ1967 አሳተመ። ሌላው ሃንጋሪያዊ ቲቦር ቫዳሺ ደግሞ ከ1970 ጀምሮ በጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ ከመቅረጽዎ በፊት ያንብቡት። አጻጻፉን መማር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ለእርስዎ ጥሩ ቪዲዮ ይቀድማል።

ትከሻው የሚደበዝዘው ስልኩ በሰከንድ 25 ወይም 30 ምስል ስለሚያነሳና በጨለማ ዳስ ውስጥ እያንዳንዱ ምስል ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ወደ 60 ይቀይሩት፣ ብርሃን ይጨምሩ፤ ብርሃን ሳይጨምሩ ፍጥነቱን ብቻ ከጨመሩ ምስሉ ይጠቁራል። ስልኩን በእጅ አይያዙ፤ በደረት ከፍታ፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቀት ላይ ይቁም። እግር ከምስሉ እንዳይቆረጥ፤ ፊትና ትከሻ ብቻ የያዘ ቪዲዮ ለማኅበራዊ ሚዲያ እንጂ ለጥናት አይሆንም። ሁለተኛ ስልክ ካለ ከፍ ካለ ቦታ ክቡን በሙሉ ይያዝ፤ ማን ወደ ማን እንደሚዞር፣ ማን ማንን ጎትቶ እንደሚያስገባ የሚታየው ከዚያ ነው። ሁለቱም መቅረጽ እንደጀመሩ አንድ ጊዜ ጮክ አድርገው ያጨብጭቡ፤ በኋላ በዚያ ድምፅ ያገጣጥሟቸዋል። ስፒከር አጠገብ አያቁሙት፤ ድምፁ ይሰባበርና ምቱን መቁጠር ያቅትዎታል።

ቪዲዮውን ኢላን በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር በየ10 ሰከንዱ ከፋፍለው ምልክት ያድርጉበት። ሌላ ሰውም ሳያማክርዎ ከአምስቱ አንዱን እጅ ያህል ለብቻው ምልክት ያድርግ፤ ሁለታችሁ ብዙ ካልተስማማችሁ ጥፋቱ የምልክቶቹ ትርጉም ግልጽ አለመሆኑ ነው። ፈቃዱን ከደጋሹ ብቻ አይውሰዱ፤ ዘፈኑ ሳይጀመር ለታዳሚው ይነገር፣ መቀረጽ ለማይፈልጉ ከካሜራው ውጪ የሆነ የዳሱ ጥግ ይመደብ፣ የልጆችን ደግሞ ወላጅ ይፍቀድ። ፋይሉን በቀን፣ በቀበሌና በጭፈራው ዓይነት ይሰይሙት እንጂ በሙሽሮቹ ስም አይሰይሙት፤ ሁለት ቦታም ይቀመጥ።